ግንባር ላይ የተለጠፈው አሥር ዎን

ጥር 16፣ ዓርብ ማታ

ውኃ ዛሬም አልመጣም። ከጎረቤቴ ከወ/ሮ አሰለፈች ታንከር ሁለት ጀሪካን ቀዳሁ። ምክሩም አብሮ ተቀዳልኝ፦ እሁድ የልጄ ሰርግ ነው፣ ፀጉርሽን ተሠሪ፣ እንዲህ ሆነሽ እንዳትመጪብኝ። እሺ አልኩ። ከሷ ጋር ከመከራከር እሺ ማለት ይቀላል።

ት/ቤት፦ ጠዋት የአደባባይ ሕግ አስተማርኩ። መንጃ ፈቃድ ፈላጊ ሁሉ ንድፈ ሐሳብ ሲባል ዓይኑ ይፈዛል። አደባባይ ላይ ቅድሚያ ለማን ነው ብዬ ስጠይቅ አንዱ ከኋላ "ለደፋር" አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም። 18 ማዞሪያን ለሚያውቅ ሰው መልሱ ስሕተት ነው ማለት ይከብዳል።

ማታ አባባ ጠሩኝ። ዓይናቸው አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው፤ ሌላውን ግላኮማው ወስዶታል። ከቁም ሳጥን የፈለጉትን ለማውጣት ግን እኔን አይጠብቁም። ያወጡት ያንን የሰሜን ኮርያ ገንዘብ ነው። አሥር ዎን። ቡናማ፣ ክንፍ ያለው ፈረስ ያለበት። በደርግ ጊዜ ከጓደኛቸው ከአቶ ወርቁ ጋር የውኃ ፓምፕ ሥራ ሊማሩ እዚያ ተልከው ነበር፤ ሲመለሱ ያመጡት ነው። ልጅ ሆኜ ልነካው ስል ተቆጥተውኛል። አባባ ሲቆጡ ያየሁት ያኔ ብቻ ይመስለኛል።

ብሩ ለካ የአቶ ወርቁ ነው። አባባ ጋ በአደራ የተቀመጠ። በየበዓሉ ስልክ ሲደዋወሉ፣ ገንዘቤ አለ? አለ! እየተባባሉ ሲስቁ እሰማ ነበር፤ የሽማግሌ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። አሁን አቶ ወርቁ ታመዋል፣ ከአልጋ አይነሱም። አምጣልኝ፣ አንድ ጊዜ ልየው ብለዋል። ከሰርጉ ቀጥሎ ባለው እሁድ ጦር ኃይሎች፣ ቤታቸው ልንሄድ ነው። ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷልና አባባ ላሚኔት አሠሪልኝ አሉኝ። በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ቦርሳዬ ውስጥ፣ ዚፕ ያለው ኪስ አስገባሁት።


ጥር 18፣ እሁድ ምሽት

እንዴት ብዬ ልጻፈው። ደብተሬ፣ አንተ ሰው አይደለህም፣ ፊት የለህም፣ ልጻፈው።

ሰርጉ ቤት። ድንኳን ሙሉ ሰው። የተቀጠረ የሙዚቃ ቡድን፣ ኦርጋንና ከበሮ። ዘፋኟ እታገኝ የምትባል ሴት ናት፤ ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሳ። በየጠረጴዛው እየዞረች የእንግዳውን ስም እየጠራች ታወድሳለች። የተወደሰ ተነስቶ ግንባሯ ላይ ብር ይለጥፋል፣ እልል ይባላል። እኛ ጠረጴዛ ደረሰች። አንድ ምቀኛ ስሜን ሹክ አላት። ትዕግስት አለች፣ የአባቷ ልጅ አለች፣ የኮልፌ እመቤት አለች። እመቤት! ውኃ በጀሪካን የምትቀዳ እመቤት።

ፊቴ ቆማ ግንባሯን ሰጠችኝ። ብሬ በሙሉ ስልኬ ውስጥ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ለታክሲ የሚሆን ሳንቲም። ወ/ሮ አሰለፈች ከወዲያ በዚያ ዓይኗ ታየኛለች። ከጎኔ የተቀመጠችውን አበድሪኝ ማለት ሞት መሰለኝ። እጄ ዚፑን ከፈተ። እጄ ነው ልበል? አይ፤ እኔ ነኝ።

ለጠፍኩት። ላብ ስለነበራት ወዲያው ያዘ። ፈረሱ ከነክንፉ ግንባሯ ላይ። አንድ ሰው የውጭ ገንዘብ ነው ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ዶላር ነው አለ፤ ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። እሷም ዝም አላለችም፤ ስሜን እንደገና፣ እንደገና። ያን ጊዜ ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም።

ዕቅዴ፦ ሲያበቃ ጠጋ ብዬ ከሰው ብር ተበድሬ መለወጥ። ቡድኑ ግን ሌላ ሰርግ ነበረበት። እኛ ኬክ ሲቆረስ ስናይ ዕቃቸውን ሚኒባስ ላይ ጭነው ሄደዋል።

ቤት ስገባ አባባ ሰርጉ እንዴት ነበር አሉ። ጥሩ ነበር። ላሚኔቱስ? ነገ፣ አልኩ።


ጥር 19፣ ሰኞ

ወ/ሮ አሰለፈች በጠዋት በሬ ላይ። የታጠበ ትሪ ልመልስ ብላ ነው፤ የኔ ትሪ እንኳ አይደለም። ጉዳይዋ ሌላ ነው። አማቷ ለዕቃ ማስመጫ ዶላር ቸግሮታል፣ ካለሽ ባንክ ከሚሰጥሽ አስበልጦ ይገዛዋል አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። የለኝም ስላት ዓይኗን ጠበብ አደረገች፦ ላለው ነው የለኝም የሚባለው። ለካ በሰፈሩ ወሬ ውጭ አገር ዘመድ አለኝ፤ የሚልክልኝ። በአንድ እልልታ ሀብታም ሆንኩ።

የዘፋኟን አድራሻ ግን ከሷው ተቀበልኩ። ለቅሬታ እንዳይመስልባት፣ ለጓደኛዬ ሰርግ ልቀጥራት ነው አልኳት። ሌላ ውሸት። አንዱ ውሸት ሲወልድ ቅጽበት አይፈጅበትም።

አባባ ጠየቁ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ መብራት የለውም አልኩ። መብራት ጠፋ ሲባል የማያምን አዲስ አበቤ የለም።


ጥር 20፣ ማክሰኞ

ከክፍል በኋላ ሄድኩ። ከ18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ፣ ብሎኬት የሚመረትበትን አልፎ፣ የኪራይ ግቢ፣ አንድ ክፍል። ልብስ እያጠበች ደረስኩ። ያለ ቀለም ፊቷ ልጅ ናት፤ ከኔ ታንሳለች። ገና ስታየኝ አወቀችኝ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አቅፋ ሳመችኝ። አልጋዋ ላይ አስቀምጣ ለስላሳ አስመጣችልኝ፣ በራሷ ገንዘብ። አንዱን ጠርሙስ መጨረስ እንዲህ ይከብዳል?

ብሩን ሳልጠይቃት አሳየችኝ። ግድግዳዋ ላይ ካለው የማርያም ሥዕል ኋላ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትዘፍን የውጭ ገንዘብ የለጠፈላት ሰው የለም። ልትመነዝረው አትቸኩልም፤ ምንዛሬው ገና ይጨምራል ብለዋታል። አስቀምጣ አስቀምጣ የራሷን ድምፅ ማጉያ፣ ያገለገለ ሞንታርቦ፣ ልትገዛበት ነው። ከዚያ የራሷ ቡድን። ከአለቃዋ መላቀቅ።

አለቃዋ ሽልማቱን ይካፈላታል። ይሄኛውን ሊወስድባት ሲል፣ የዕለቱን ድርሻዬን በሙሉ ውሰድና እሱን ተውልኝ አለችው። ተወላት። የሰርጉን ቀን በሙሉ የዘፈነችው ለዚያ ወረቀት ሆነ ማለት ነው። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው፤ ሞኝ አደረግኩት እያለች።

መናገር ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጣ። ያልኩት ሌላ ነው፦ የቤተሰብ ማስታወሻ ነው፣ ተሳስቼ ነው፣ ሁለት ሺህ ብር ልስጥሽና መልሺልኝ። ላስቲኩን ጠበቅ አደረገች። ከዚያ ሳቀች።

"አንቺ ሁለት ሺህ ካልሽኝ፣ ሌላው ስንት ሊለኝ ነው?"

ክፋት የለባትም። ገበያ የሚያውቅ ሰው ወግ ነው፤ እኔም በሷ ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር። መልሳ ከሥዕሉ ኋላ አስገባችው። እስከ በሩ ሸኘችኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ አለችኝ፣ ሁለቴ። ብሩ የትም አይመነዘርም፣ ከአገሩ እንዲወጣ እንኳ አይፈቀድም፣ አታለልኩሽ ሳልላት ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ራሴን ሰደብኩ። ረዳቱ ለሱ መስሎት ምን አልሽ አለኝ።


ጥር 21፣ ረቡዕ፣ ማርያም

አባባ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እሁድን እያሰቡ ደስ ብሏቸዋል። ሻይ ሰጠኋቸው። ሳልጠይቃቸው ጀመሩ። ሙሉውን ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ባልሰማሁት።

እዚያ አገር የውጭ ሰው የራሱ ገንዘብ ነበረው። ቀለሙ የተለየ። የሚገዛበትም ሱቅ የተለየ። የሕዝቡን ገንዘብ መያዝ አይፈቀድላቸውም፤ ሕዝቡም የእነሱን። አብረው ውለው አብረው በልተው፣ አንዱ ለአንዱ ከረሜላ መግዛት አይችልም። ፓምፑ ጋ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ነበር። ቋንቋ የላቸውም፣ በእጅ ነው የሚግባቡት፤ ቧንቧ ማጥበቅ ያስተማራቸው እሱ ነው። በአገራችሁ ጥሩ የዘፈነ ሰው ምን ይደረግለታል ብሎ በምልክት ጠየቃቸው። አባባ የጋዜጣ ቁራጭ በምራቅ አርጥበው የወርቁ ግንባር ላይ ለጥፈው አሳዩት። ሽማግሌው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ሊመለሱ ሲሉ እዚያው ፓምፑ ቤት ተሰናበቱ። አቶ ወርቁ ባዶ በርሜል እየደለቁ የሰርግ ዘፈን ዘፈኑ። ሽማግሌው ተነሳ። ከደረቱ ኪስ የራሱን አሥር ዎን አወጣና የአቶ ወርቁ ግንባር ላይ ለጠፈ።

ነገሩ የሚያስቀጣ ነው፤ ለሱም ለእነሱም። አስተርጓሚ ተብሎ የሚጠብቃቸው ሰውዬ እዚያው ቆሟል። አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ቆየ። እነሱም ብሩን አነሱት። የአቶ ወርቁ ሻንጣ እንደሚፈተሽ ስላወቁ አባባ ጫማቸው ውስጥ፣ ከገበሩ ሥር አደረጉት። አዲስ አበባ ሲደርሱ አቶ ወርቁ፣ አንተ ነህ ያሳለፍከው፣ አንተው ጋ ይቀመጥ፣ አደራ አሏቸው። ይኸው እስከ ዛሬ።

ከዓመታት በኋላ ያ መንግሥት ገንዘቡን በድንገት ቀየረ ሲባል አባባ በሬዲዮ ሰምተዋል። በአሮጌው ብር ቆጥቦ ያስቀመጠ ሰው አብዛኛው ወረቀት ሆኖ ቀረበት። ሽማግሌው በሕይወት ካለና ያስቀመጠው ካለ ብለው አዝነው ነበር። "ይቺ አንዷ እንኳ እኛ ጋ ዳነች አልኩ" አሉኝ።

ሻዩን ልቀይር ብዬ ገባሁ። ማድ ቤት ቆሜ አለቀስኩ። ሰውየው ራሱን ለአደጋ ሰጥቶ የለጠፈውን እኔ ሰው እንዳይንቀኝ ብዬ ለጠፍኩት። ግንባር ላይ። ሌላ ቦታ የሌለ ይመስል።


ጥር 22፣ ሐሙስ

ቆርጬ ሄድኩ። ሁሉንም ልነግራት። በሩ ቁልፍ ነው። የግቢው ሴትዮ፣ ባንክ ሄዳለች አሉኝ። ሞንታርቦው ተገኝቷል፣ ሻጩ ሌላ ሰው መጥቶበት አጣድፏታል፣ ስለዚህ ዛሬ ልትመነዝር ነው። ባንኩ ካነሰባት ጦ/ኃይሎች አንድ የሚመነዝር ሰው አለ ተብላለች። ነጠላዋን ለብሳ፣ ተቀብታ፣ አምሮባት ነው የወጣችው አሉ።

ልጠብቃት እችል ነበር። ግቢው ውስጥ ድንጋይ አለ፣ እዚያ መቀመጥ። ወይም ተከትዬ መሮጥ፤ ሳትዋረድ መድረስ።

ወደ ቤት ሄድኩ። ይኸው ነው፣ ሌላ የምጨምረው የለኝም። ፈራሁና ወደ ቤት ሄድኩ።


ጥር 23፣ ዓርብ

አንድ ሰልጣኝ፣ ሰው ገጭቶ የሚያመልጥ ሹፌር ከመግጨቱ ይልቅ በማምለጡ ለምን ይበልጥ ይቀጣል ብሎ ጠየቀኝ። ሰሌዳውን እያጠፋሁ ቆየሁ። ከመጽሐፉ ገጽ ጠርቼ አንብብ አልኩት።

አባባ ኮታቸውን አስተኩሰው አስቀመጡ። መብራት መጣላቸው? አሉ። ነገ ይመጣል አልኳቸው። አልጠረጠሩም። ወይም እንደዚያ መሰለኝ።


ጥር 24፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

መጣች።

በሩ ሲንኳኳ ወ/ሮ አሰለፈች ናት ብዬ ፊቴን አዘጋጅቼ ከፈትኩ። እታገኝ ናት። ቤቴን የሰርጉ ቤት ሰዎች አሳይተዋት ይሆናል። ሰላም አላለችኝም። ብሩን ከላስቲኩ አወጣች፣ በምላሷ ጫፍ አረጠበችና ግንባሬ ላይ ለጠፈችው። በመዳፏ ጫን አደረገችው።

ከሳሎን አባባ፣ "ማነው? የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጆች ናቸው?" አሉ።

በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየቻቸው። ከዘራቸው ጉልበታቸው መሀል ነው፤ ፊታቸው ወደኛ ሳይሆን ወደ መስኮቱ ዞሯል። እጃቸውን ዘርግተዋል። ነገሩ ሲገባት አየሁ። የማን ብር እንደነበር፣ ምን እንዳልኳቸው፣ ሁሉም። አሁን ትናገራለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"አዎ አባባ፣ ብርዎን ይዤ ነው" አለች።

ከግንባሬ ላይ ላጥ አድርጋ አለፈችኝ። በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። አባባ በአውራ ጣታቸው ጠርዙን፣ እጥፋቱን ዳበሱ። ላሚኔት አልሆነም አሉ። ወረቀቱ ስላረጀ ማሽኑ ያቃጥለዋል ብለን ፈራን አለቻቸው። ደግ አደረጋችሁ አሉ። ስሟን ጠየቁ፣ ነገረቻቸው። መረቋት፤ ረጅም ምርቃት፣ ልጅ ይውጣልሽ፣ እንጀራ ይውጣልሽ፣ ያሰብሽው ይሙላ። ጎንበስ ብላ አሜን፣ አሜን አለች። እኔ የበሩን እጀታ እንደያዝኩ።

ተከትያት ወጣሁ። ከግቢው በር ውጭ ደረስኩባት። ይቅርታ የሚለውን ቃል ስንቴ እንዳልኩት አላውቅም። ባንክ ያለችው ልጅ ሳቀች አለችኝ፤ ጓደኛዋን ጠርታ አሳየቻት። የጦ/ኃይሎቹ ሰውዬ ቆሎ እንኳ አይጠቀለልበትም አላት። ሞንታርቦውን ሌላ ሰው ወሰደው። ይህን ሁሉ ያለ ቁጣ ነው የምትነግረኝ፤ ድምፅዋ ግን ተሰነጣጥቋል።

"የሚያንገበግበኝ እሱ አይደለም" አለች። "እሱን ከለጠፍሽልኝ በኋላ ስምሽን እየደጋገምኩ ዘፈንኩ። አንቺ ደግሞ ቀና ብለሽ ነበር።"

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ትናንት ከባንክ አውጥቼ ያስቀመጥኩት ነበረኝ፤ የዕለቱን ድርሻዋን የሚያህል፣ ከዚያም በላይ። እጄን በቀስታ መለሰችው።

"ዛሬ አልዘፈንኩልሽም።"

ሄደች። እስከ መታጠፊያው አየኋት። አንድም ጊዜ ዞር አላለችም።

እንግዲህ ድኛለሁ። ብሩ አባባ እጅ ገብቷል፣ ነገ ለባለቤቱ ይደርሳል፣ ማንም ምንም አያውቅም። ይህን ጽፌ አነበብኩት። ስሕተት የለበትም፤ እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ለምን ታዲያ ልሰርዘው ፈለግሁ።


ጥር 25፣ እሁድ ጠዋት

አባባ ቀድመውኝ ተነስተዋል። ኮት፣ ከረባት፣ ባርኔጣ። ብሩ በደረት ኪሳቸው፤ እጃቸው በየደቂቃው ይዳብሰዋል። ቁርስ አልበላ አሉ፣ ወርቁ ጋ እንበላለን። የጠራሁት መኪና ሊመጣ ነው።

ጫማቸውን ሳስርላቸው፣ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ፣ ያቺ የትናንቷ ልጅ ድምፅዋ ደስ ይላል አሉኝ። አዎ አልኩ። "ፎቶ ኮፒ ቤት ድምፅ እንዲህ አያጎረንንም" አሉ። "ብዙ የዘፈነ ጉሮሮ ነው።" ክሩን ስቋጥር ተምታታብኝ፣ ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ። ወርቁ ዘፈን ከሰማ ስንት ጊዜው፣ ብናገኛት እኮ ይዘናት ብንሄድ፣ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፦

"ቤቷን ታውቂው ይሆን?"

አውቀዋለሁ አልኩ። እንዴት አወቅሽው አላሉኝም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ወንበሩ ላይ ደገፍ አሉ። "ወርቁ አይሄድብንም፤ ይቆየናል" አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ያ አስተርጓሚ ትዝ አለኝ።

ነጠላዬን ልያዝ ብዬ ገብቼ ነው ይህን የምጽፍልህ። መኪናው ውጭ ጥሩምባ ነፍቷል፤ ይጠብቅ። ልነግራቸው ነው። ከዚያ 18 ማዞሪያ፣ እታገኝ በር ላይ፣ እሷ ባለችበት ደግሜ እናገራለሁ። ገንዘብ ከኔ እንደማትወስድ አውቄአለሁ። አባባ ይለምኗት። ለአቶ ወርቁ ትዝፈንና የዘፈነችበትን ሁላችንም እንሸልማት፤ በሚመነዘር ብር። እምቢ ካለችም መብቷ ነው፤ ነገም እሄዳለሁ።

ደብተሬ፣ አንተንም አንድ ነገር ደብቄሃለሁ። የሰርጉ ዕለት ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም ብዬ ጽፌ ነበር። አውቃለሁ። እሷም አይታዋለች።

ስለዚህ ከብር ማጣቴ አልጀምርም፣ ከወ/ሮ አሰለፈች ዓይንም አልጀምርም። ከእልልታው ነው የምጀምረው። ደስ እንዳለኝ።